በደረት ኪሴ የነበረው ዛፍራን

ሰው «ልክ ነበርክ» እንዲለኝ ሃያ ምናምን ዓመት ጽፌአለሁ። አንባቢዎች በስድብ፣ አርታኢዎች በመቀስ፣ የቀድሞ ባለቤቴ ደግሞ በፍቺ መልሰውልኛል። ቃሉን ከልቧ የነገረችኝ ታናሽ እህቴ አስካለ ብቻ ናት። የነገረችኝም አንድ ቅዳሜ፣ ቀትር ሊሆን ሲል፣ ኮተቤ ባለው ቤታችን ማድ ቤት ውስጥ ነው። በዚያች ደቂቃ ልክ አልነበርኩም። ልክ እንዳልነበርኩ የሚያሳየው ማስረጃም በሸሚዜ የደረት ኪስ ውስጥ ነበር።

እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ስጨርስ ለእኔ ያላችሁ ግምት ዝቅ ማለቱ አይቀርም፤ ቀድሞም ያን ያህል ከፍ ያለ እንዳልነበር ከምትልኩልኝ ደብዳቤ አውቃለሁ።

ያን ጊዜም እንደ አሁኑ በአንድ ሳምንታዊ መጽሔት ላይ ቋሚ ዓምድ ነበረኝ። የዓምዱ ሥራ ሰው ሁሉ የወደደውን ነገር አንስቶ መጠርጠር ነበር። አቮካዶን ጠርጥሬአለሁ። የጠዋት ሩጫን ጠርጥሬአለሁ። ንጹሕ አየር ለመሳብ በናፍጣ መኪና መንገዱን እያጨሱ እንጦጦ በሚወጡ ሰዎች ላይ ሁለት ሳምንት ሙሉ አላግጬአለሁ። ሰው የሚያከብረው ነገር ካየሁ ጣቴን ይበላኛል። ብዙ ማንበብ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ጥሩ አይደለም፤ ለማንኛውም ክፋቱ ምክንያት አያጣም።

አስካለ በስምንት ዓመት ታንሰኛለች። ከኩዌት ከተመለሰች ሦስተኛ ዓመቷን ይዛ ነበር። እዚያ አሥራ አራት ዓመት በሰው ቤት ሠርታለች። ስለ መጀመሪያዎቹ ሁለት ቤቶች አታወራም። የግራ እጇ ትንሿ ጣት እንደማትታጠፍ አያለሁ፤ አልጠይቅም። ሦስተኛው ግን ኡሙ ኻሊድ የሚባሉ አሮጊት ቤት ነበር፤ አሥራ አንዱን ዓመት የኖረችው እዚያ ነው። ሴትዮዋ እግራቸው አልታዘዝ ስላላቸው ማድ ቤቱ በር ላይ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው፣ ድስቱን በከዘራ እየጠቆሙ ምግብ አስተማሯት። ስትሰናበት ልጆቻቸው ሽቶና ልብስ ሰጧት። እሳቸው ግን መዳፍ የምታህል የቆርቆሮ ጣሳ በገዛ እጃቸው በፕላስተር አሽገው፣ «እነሱ የሰጡሽ ያልቃል። እኔ የምሰጥሽ ሥራ ነው» አሏት። ጣሳዋ ውስጥ ያለው ዛፍራን ነበር፤ አንዳንዱ ሳፍሮን የሚለው፣ ሩዙንም ወተቱንም ወርቅ የሚያስመስለው ቀይ ክር።

አስካለ ጣሳዋን አልከፈተቻትም። «ለትልቅ ቀን ናት» ብላ ማድ ቤት ከብርጭቆዎቹ በላይ ካለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠቻት።

እኔስ? ጻፍኩባት። ርእሱ «አውሮፕላን የተሳፈረ ቢጫ ቀለም» የሚል ነበር። እርድ ያለው አገር ለዛፍራን ምን ያንገበግበዋል አልኩ። ገበያ ላይ ዛፍራን ተብሎ የሚሸጠው ሱፍ ነው አልኩ። መጨረሻ ላይ ደግሞ፣ ማን እንደጠየቀኝ እንጃ፣ ደግ አሠሪ የምትባለዋ ሴት አሠሪዎች ከፈጠሯቸው ተረቶች ሁሉ የምታምረዋ ናት ብዬ ጨመርኩበት። አስካለ መጽሔቱን እራት ላይ ይዛው መጣች።

«ጋሼ፣ እሳቸውን ታውቃቸዋለህ?»

«አላውቃቸውም።»

«ዛፍራንስ ቀምሰህ ታውቃለህ?»

«አልቀመስኩም።»

«እሺ» አለችና ሳህኔን አነሳች። ገና አልጨረስኩም ነበር።

ከዚያ ትልቁ ቀን መጣ። ወደ እንጦጦ ማርያም በሚወጣው መንገድ ዳር፣ ባሕር ዛፍ መሐል፣ አነስ ያለ የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው ወይዘሮ ሰብለ የሚባሉ ሴት ምግብ የምትሠራ ሰው ይፈልጉ ነበር። ለአስካለ በስልክ፣ «ሌላ ቦታ የማይገኝ ነገር ካለሽ እንነጋገር። የተለመደውንማ ማንም ይሠራዋል» አሏት። እሷም የዶሮ አልጫ በዛፍራን፣ ለማጣጣሚያ ደግሞ የወተት ሩዝ በዛፍራን እሠራለሁ አለቻቸው። ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ላይ ቤታችን መጥተው ሊቀምሱ ተስማሙ።

ለአስካለ ይህ ቅዳሜ ቀልድ አልነበረም። መገናኛ ላሉ ቢሮዎች ምሳ እየቋጠረች፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ከታክሲ ታክሲ ስትጋፋ ጉልበቷ አልቋል። ወደ ዓረብ አገር የሚልክ ኤጀንት ሲደውልላት ሰንብቷል። ፓስፖርቷን አሳድሳ እዚያው መደርደሪያ ላይ፣ ከጣሳዋ ሥር አድርጋዋለች። «ይኼ ካልሆነ እመለሳለሁ፣ ጋሼ» ብላኛለች። «አሁን የሚደርሰኝ ቤት ግን እንደ መጀመሪያዎቹ ይሁን እንደ ሦስተኛው አላውቅም።» ይህን ስትለኝ የማትታጠፈዋን ጣቷን እያየሁ ነበር።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው ዓርብ ዕለት ሾላ ገበያ የሄድኩት።

ቅመም ተራ አንዲት ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሰረች ሴት አገኘሁ። «ዛፍራን አለሽ?» አልኳት።

«አለ፣ ጋሼ።»

«እውነተኛ ነው?»

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «የሚያውቁ ሰው ነዎት ወይስ የማያውቁ?»

«የማያውቅ።»

«እንግዲያው እውነተኛ ነው።»

ወደድኳት። ሱፍ መሆኑን እንደማውቅና የምፈልገውም ሱፉን እንደሆነ ነገርኳት። ደነገጠች፤ ሰው አውቆ ሲገዛት የመጀመሪያዋ ነበር መሰለኝ። በጾም ፍሬውን ወቅጠን ፍትፍት የምናደርገው፣ የዚያው እሾሃም ተክል አበባ ነው፤ ሲደርቅ ቀይና ብርቱካናማ ይሆናል። አንድ እፍኝ በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ።

ሐሳቤ ቀላል ነበር። ጣሳዋ ውስጥ ያለውን በሱፍ እለውጣለሁ። አስካለ ትሠራለች፣ ወይዘሮ ሰብለ ይበላሉ፣ ያደንቃሉ፣ ይቀጥሯታል። እጃቸውን ሲታጠቡ እኔ እውነተኛውን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ። የዓምዱ የሚቀጥለው ጽሑፍ ተጻፈ ማለት ነው። አስካለም ሥራዋን ታገኛለች፣ ዛፍራኗም ሳይነካ ይቀርላታል። እመኑኝ፣ እንደ ውለታ ቆጥሬው ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ዶሮ ልትገዛ ስትወጣ ማንቆርቆሪያ ጣድኩ። በእንፋሎቱ ፕላስተሩን ቀስ አድርጌ ላጥኩት። ዛፍራኑን በፖስታ ወረቀት አጥፌ የደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኩ፣ ሱፉን ጣሳዋ ውስጥ ጨምሬ ፕላስተሩን መለስኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። አሁን ሳስበው የሚያስፈራኝ ይኼ ነው።

ከአራት ሰዓት ጀምሮ ማድ ቤት ነበርን። አስካለ ሽንኩርቱን በተነጠረ ቅቤ፣ በትንሽ እሳት፣ ሳታቀላው ታበስለዋለች፤ አልጫ ላይ የቀላ ሽንኩርት አይታለፍም። ነጭ ሽንኩርቱም ዝንጅብሉም ገብቷል። በሌላው ምድጃ ሩዙ ከወተትና ከሄል ጋር ይንተከተካል። ደስ ብሏት ነበር።

«እንቁላሉን ላጥልኝ» አለች። «እንቁላል መሆኑን ካልተጠራጠርክ።»

«ዶሮዋን ሳላናግራት ምንም አልልም።»

ሳቀች። ያን ሳቅ አስታውሱልኝ፤ በዚያ ቀን የመጨረሻው ነው።

አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን እጇን ታጥባ፣ በፎጣ አድርቃ ጣሳዋን አወረደች። ዶሮው ገብቶ መረቁ መንተክተክ ይዟል፤ በሌላ ቀን ቢሆን እርዱ ጣል የሚደረግበት ሰዓት ነው። ፕላስተሩን በጥፍሯ ፈለቀቀችና አፍንጫዋን አስጠጋች። ቆየች። እንደገና አስጠጋች።

«ጉንፋን ይዞኛል እንዴ?»

«ምነው?»

«ሽታው አልመጣልኝም።»

«ሦስት ዓመት ተቀምጦ ሽታ ከየት ይመጣል?» አልኩ። እንቁላሉን መላጥ ቀጠልኩ።

ቆንጠር አድርጋ ለብ ያለ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ በተነችው። ውኃው ወዲያው ደማቅ ቢጫ ሆነ።

«አየሽ፣ ሠራ» አልኩ።

«ቶሎ ሠራ።»

«ቶሎ መሥራቱ ምን ክፋት አለው?»

«ዛፍራን አይቸኩልም» አለች። ዓይኗን ከብርጭቆው አላነሳችም። በሹካ ጫፍ አንዷን አውጥታ ነጭ ሳህን ላይ አስተኛቻት። ቀለሟን ጨርሳ የገረጣች፣ ሰፋ ያለች የአበባ ቅጠል ነበረች። «ዛፍራን ቀለሙን ሰጥቶም ራሱ ቀይ ነው የሚቀረው።» በጣቷ ዳሰሰቻት። እኛ ያደግንበት አገር ሱፍ ይዘራል፤ እናታችን ስትሰበስብ እሾሁ ይወጋት ነበር፣ ማታ ማታ መርፌ ይዛ የምታወጣላት አስካለ ነበረች። «ሱፍ ነው» አለች። «ጋሼ፣ ይኼ ሱፍ ነው።»

እኔ አስቀድሜ ያሰብኩት ሁለት ነገር ብቻ ነበር። ወይ አታውቀውም፣ አሸንፋለሁ፤ ወይ ታውቀዋለች፣ ትጮህብኛለች፣ ከኪሴ አውጥቼ እሰጣታለሁ። ሱፉን ለይታ እኔን አለመጠርጠሯ ግን በፍጹም አልመጣልኝም። መጠርጠር የእኔ ሙያ ነው። እህቴ ያንን ልማድ አልያዘችም።

በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ጣሳዋን በሁለት እጇ ይዛ ፕላስተሩን ታየዋለች። «በእጃቸው ነው ያሸጉት። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ። ላግዝዎት ስላቸው እንቢ አሉኝ።»

«ምናልባት የሸጠላቸው ሰው አታሏቸው ይሆናል» አልኩ።

«እሳቸውን? አንድ ክር ምላሳቸው ላይ አድርገው ሻጭ የሚያባርሩትን ሴትዮ?» ራሷን ነቀነቀች። «አውቀው ነው። ለሠራተኛ ምን አነሳት ብለው ነው። አሥራ አንድ ዓመት አጥቤአቸዋለሁ፣ ጋሼ። ሲታመሙ እግራቸው ሥር ተኝቻለሁ። ‹ልጄ› ይሉኝ ነበር።»

የወተት ሩዙ ድስቱን ሊይዝ ጀመረ። ተነስቼ አማሰልኩ። ጀርባዬን ስለሰጠኋት ደስ አለኝ።

«ልክ ነበርክ» አለች ከኋላዬ። «ያን የጻፍከውን። እኔ ነኝ የዋህ።»

ይኸው። ሃያ ምናምን ዓመት የጠበቅሁት ቃል። ፖስታው ደረቴ ላይ ነው፤ ስተነፍስ ይንኮሻኮሻል። እጄን ወደ ኪሴ መውሰድ ብቻ ነበር የቀረኝ። አልወሰድኩም። ሐሳቤን በጽሑፍ ስገልጽ ማንም አይችለኝም፤ «እኔ ነኝ» የሚሉትን ሁለት ቃል ግን ከአፌ ማውጣት አቃተኝ።

«በእርድ ሥሪው» አልኳት።

«ዛፍራን ብዬ ጠርቼ እርድ አላበላም።»

«መጣሁ» ብዬ ወጣሁ። የሄድኩት ወደ ክፍሏ ነው። ከኩዌት ይዛው የመጣችው ሻንጣ አልጋው ሥር ነበር። እንዲህ አሰብኩ፦ ፖስታውን ሻንጣው ኪስ ውስጥ እከተዋለሁ፣ ከዚያ «እስቲ ሻንጣሽን ፈትሺ፣ ሌላ የሰጡሽ እንደሆነ» እላታለሁ። ታገኘዋለች። ማንም ምንም ሳይናዘዝ ነገሩ ያልቃል። ተንበርክኬ የሻንጣውን ዚፕ ይዤ፣ ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ስለ እውነት ስንት ገጽ እንደጻፍኩ እንጃ፣ በግድግዳው በኩል የአስካለን ድምፅ ሰማሁ። በዓረብኛ ነበር። ዓረብኛ አልችልም። ግን «ዛፍራን» የሚለው ሲደጋገም ይገባኛል፤ ሰው ለቅሶውን ዋጥ አድርጎ ሲናገርም በየትኛውም ቋንቋ ይገባኛል።

ተመለስኩ። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠች ነበር።

«ማንን አናገርሽ?»

«ኑራን። ልጃቸውን። የድምፅ መልእክት ላኩ።»

«ምን ብለሽ?»

«ለእናትሽ አሰሚያቸው ነው ያልኳት። ጣሳዋን ከፈትኳት፣ አየኋት። ሌሎቹ ሲመቱኝ ሠራተኛ መሆኔን ነግረውኝ ነበር፤ እርስዎ ግን ሰው መስለውኝ ነበር። ይኸው ነው።»

ኡሙ ኻሊድ ዘጠና ሊሞላቸው ምንም አልቀራቸውም። ከአልጋ ከተነሡ ቆይቷል፤ ልጅቷ የምትጽፍላትን አስካለ እራት ላይ ታነብልኝ ነበር። ስልኩን አየሁት። ከመልእክቱ ሥር ሁለት ግራጫ ምልክቶች ነበሩ፤ ደርሷል ማለት ነው። ሲሰሙት ሰማያዊ ይሆናል።

«አልሰሙትም ገና» አልኩ።

«ሶላት ላይ ይሆናሉ። ኑራ ስትጨርስ ነው ስልኳን የምታየው።» ሰዓቷን አየች። ከኩዌት ጋር ሰዓታችን አንድ ነው። ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃዎች ቀርተውታል። «እስቲ ለወይዘሮ ሰብለ ልደውል፣ ሳይነሱ። ለምን በከንቱ ይመጣሉ።» መደርደሪያውን ቀና ብላ አየች። ጣሳዋ ስለሌለች ፓስፖርቱ ብቻውን ይታያል።

ፖስታውን አውጥቼ ፊቷ አስቀመጥኩት።

«ምንድን ነው?»

«የእሳቸው።»

አልገባትም። ወረቀቱን ገለጠችው። ከማየቷ በፊት ሽታው ደረሰ፤ እኔ እስከቆምኩበት ድረስ ደረሰ። ፀሐይ ላይ የዋለ ድርቆሽና ማር፣ ከሥሩ ደግሞ የሆነ ምሬት። ጠዋት በእንፋሎትና በችኮላ መሐል አፍንጫዬ አልያዘውም ነበር። አስካለ ክሮቹን አየች፣ ጣሳዋን አየች፣ ፕላስተሩን አየች። ከዚያ እኔን።

«መልእክቱን አጥፊው» አልኩ። «አስካለ፣ መጀመሪያ መልእክቱን አጥፊው፣ ከዚያ ያሻሽን አድርጊኝ።»

ስልኩን ነጠቀችው። ጣቷ ቅቤ ነክቶታል፤ መስታወቱ አልታዘዝ አላት። በሽርጧ ጠረገችው፣ ጣቷንም ጠረገች፣ እንደገና ነካችው። ሌላ ገጽ ተከፈተ። መለሰችው። እኔ ከትከሻዋ በላይ ሁለቱን ግራጫ ምልክቶች ብቻ ነው የማየው፤ ዓይኔን ብጨፍን ሰማያዊ የሚሆኑ መሰለኝ። ከኑራ ስም ሥር «መስመር ላይ» የሚል ብቅ አለ። ሶላቱ አልቋል። አስካለ ተጫነችው። «ከሁሉም ሰው ይጥፋ?» ብሎ ጠየቃት። አዎ አለችው።

ጠፋ። በቦታው መልእክቱ መሰረዙን የሚገልጽ አንድ መስመር ቀረ። እሱ አይጠፋም።

ስልኩን በግንባሩ ደፋችው። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅሁ። ቢቻል ብትመታኝ ደስ ይለኝ ነበር። ቀስ ብላ ተነሣችና የዶሮውን እሳት ቀነሰች።

«ትንሿን ሙቀጫ አምጣ» አለች።

አመጣሁ። የዛፍራኑን ክር ከስኳር ቅንጣት ጋር አድርጋ ሰጠችኝ። «ቀስ ብለህ። ዱቄት ሲሆን ንገረኝ። ሌላ ነገር አትንገረኝ።»

ወቀጥኩ። ለብ ባለ ውኃ በጥበጠችው፣ በሳህን ከደነችው። ከዚያ ጠበቅን። ቀለሙ እንደ ሱፉ አልዘለለም፤ መጀመሪያ ከታች ቀይ ሆኖ ተኛ፣ ከዚያ ወርቃማው እየሰፋ ወጣ። ሃያ ደቂቃ ያህል ይመስለኛል። በሕይወቴ ሃያ ደቂቃ ዝም ብዬ አንድ ነገር አይቼ አላውቅም። ግማሹን ዶሮው ሊወርድ ሲል አልጫው ላይ አፈሰሰችው፣ ግማሹን ወተቱ ላይ። አላየችኝም።

ወይዘሮ ሰብለ ልክ በሰባት ሰዓት ደረሱ። ኮተቤ ፀሐይ ነበር፤ እሳቸው ግን የእንጦጦን ብርድ የለመዱ ስለሆኑ ወፍራም ሹራባቸውን እንደለበሱ ነው የተቀመጡት። አልጫውን ሁለት ጊዜ ጎረሱ። ሦስተኛውን ጎርሰው ወደ እኔ ዞሩ።

«ጋሽ ደምሰው፣ ጽሑፍዎን አንብቤዋለሁ።»

«የትኛውን?» አልኩ። የትኛው እንደሆነ አውቄዋለሁ።

«የዛፍራኑን። ገበያ ያለው ሱፍ ነው ብለዋል። አሁን ይኼ ጣፍጦኛል፤ አስካለ እጅ አላት። ግን እንግዶቼን ዛፍራን ነው ብዬ ባበላና ሱፍ ሆኖ ቢገኝ እኔ ነኝ የማፍረው። እውነተኛ መሆኑን በምን ልወቅ?»

አስካለ እንጀራ ስትጨምርላቸው ቀና አላለችም። «ወንድሜ ይንገርዎት» አለች። «እሱ በደንብ ያውቃል።»

ልዋሻቸው እችል ነበር፤ «እውነተኛ ነው» ብል እንኳ ውሸት አይሆንም። አስካለ ግን እጇን አቁማ እየጠበቀች ነበር። ነገርኳቸው። ሾላ ገበያን፣ ማንቆርቆሪያውን፣ ፕላስተሩን፣ የደረት ኪሴን። ሻንጣውንም። ስለ ሻንጣው አስካለም የሰማችው ያን ጊዜ ነው። ስናገር ምግቡ ሲቀዘቅዝ አየሁ።

ስጨርስ አስካለ ሁለት ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ አመጣች። በአንዱ የእኔን ሱፍ፣ በሌላው ያልተወቀጠ የዛፍራን ክር ጣለች። ሱፉ ወዲያው ቢጫውን ለቀቀና ገረጣ። ዛፍራኑ ምንም ያላደረገ መሰለ፤ ወይዘሮ ሰብለ የወተት ሩዛቸውን እየበሉ ጠበቁት። ሳህኑ ሲያልቅ ውኃው ወርቅ ሆኖ፣ ክሮቹ ቀይ እንደሆኑ ነበር።

«እኔ ወንድም የለኝም» አሉ ወይዘሮ ሰብለ። «ሁልጊዜ ቅር ይለኝ ነበር።» ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «አስካለ፣ መቼ ትጀምሪያለሽ? እነዚህን ሁለት ብርጭቆዎች ለእንግዶቼም ታሳያለሽ። ታሪኩን ግን አንነግራቸውም።»

ሲመገቡ የአስካለ ስልክ አንዴ ተንቀጥቅጦ ነበር። ሁለታችንም ሰምተናል፤ ማናችንም አልነካነውም። ሴትዮዋን እስከ መኪናቸው ሸኝታ ስትመለስ አነሣችው። ከኑራ የመጣ የድምፅ መልእክት ነበር። ስትከፍተው ግን የወጣው የኑራ ድምፅ አልነበረም፤ የተሰነጠቀ፣ በየቃሉ መሐል የሚያርፍ የአሮጊት ድምፅ ነው። አስካለ ቆማ ሰማችው። እንደገና ሰማችው። ግድግዳውን ተደገፈች።

«ሰምተውታል?» አልኩ።

«አልሰሙትም።» ከዓረብኛው መለሰችልኝ። «እንዲህ ነው የሚሉት፦ ‹አንድ ነገር ልከሽ አጥፍተሻል አሉኝ። ሰው የሚያጠፋው ያፈረበትን ነው። ዛፍራኑ አልቆብሽ፣ ጨምሩልኝ ማለት አፍረሽ ነው? ወደ አገርሽ የሚመጣ ሰው ሳገኝ እልክልሻለሁ። አንቺ ልጅ ግን እጅሽ ሰፊ ነው፣ እንደ ጨው አትበትኚው›።»

ከዚያ ማድ ቤት ገብታ ዕቃ ማጠብ ጀመረች። ላድርቅልሽ ብዬ ፎጣ ይዤ ገባሁ። ፎጣውን ከእጄ ወሰደችው።

ከድስቱ ሥር የቀረውን የወተት ሩዝ ብቻዬን በላሁት። ዛፍራን ስቀምስ የመጀመሪያዬ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ ብበላው ከሱፍ እለየው ነበር ወይ? አላውቅም። ለዓምዴ ስል ያን ፈተና ማድረግ ነበረብኝ፤ ግን ዓይኔን ሳልጨፍን በላሁት።

መጠርጠር ትቻለሁ ብዬ አልዋሻችሁም። አቮካዶን አሁንም አላምነውም። ግን አንድ ነገር ልፈትን ስነሣ፣ ቢሰበር የሚሰበረው የማን እንደሆነ ቀድሜ መጠየቅ ጀምሬአለሁ፤ በዚህ የተነሣ ሳልጽፋቸው የቀሩ ጽሑፎች አሉ፣ ዓምዱም ቀዝቅዟል ትሉኛላችሁ። ትክክል ናችሁ። ሰው አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያጠራቀመውን አንድ ደግ ትዝታ ለማፍረስ አንድ እፍኝ ሱፍና አንድ ማንቆርቆሪያ ውኃ እንደሚበቃ አላውቅም ነበር። እናንተም ቤት መደርደሪያ ላይ፣ ለምን እንደተቀመጠች የማትገባችሁ፣ የሌላ ሰው ጣሳ አትጠፋም።

አስካለ እንጦጦ መሥራት ከጀመረች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። ጠዋት ጠዋት ስትወጣ አሁንም «ጋሼ፣ ቁርስህ እዚያ አለ» ትለኛለች። ስለዚያ ቅዳሜ አንድ ቃል አንስታብኝ አታውቅም። ፓስፖርቷ ከመደርደሪያው ወርዶ የት እንደገባ አላውቅም። ጣሳዋንም እዚያ አላየኋትም፤ በእጅ ቦርሳዋ ይዛት ትወጣለች፣ በእጅ ቦርሳዋ ይዛት ትመለሳለች፣ ስትተኛ ቦርሳውን ክፍሏ ታስገባዋለች።

በጣሳዋ ቦታ፣ ከብርጭቆዎቹ በላይ፣ ከጣሳዋ ወጥቶ እንደገና በጋዜጣ የተጠቀለለው ሱፍ ተቀምጧል። አልጣለችውም። አንድ ቀን ቤት ስታጸዳ፣ ይኼን ለምን አናስወግደውም ብዬ ጠየቅኋት።

«ያንተ ነው» አለችኝና አቧራውን ጠርጋ መለሰችው።